ማን አየ?

ሦስት ጣት ነው፣ ገና ሦስት ጣት፣ ማሽኑን የሚይዘው ልጅ፣ ሽቦ የሚሉት፣ ሦስቱን ካነሳ ማይኩ ሊከፈት ሦስት ቁጥር ቀርቷል ማለት ነው፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ የመላው ትምህርት ቤት ጆሮ፣ ሌባ ጣቱ ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ አለች፣ መበየጃው ያቃጠላት መሆን አለበት፣ ስንት ወር እዚህ አብረው ሲቀመጡ አላየቻትም፣ ዛሬ ነው እንግዲህ የምታየው፣ ወረቀቱን እዪ አንቺ ልጅ፣ የሰው ጣት ምን ያደርግልሻል። ወረቀቶቹን። ሁለት ናቸው።

በቀኝ እጇ ያለው ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው፣ የአሥረኛና የአሥራ አንደኛ ክፍል የእግር ኳስ ግጥሚያ ነገ ከሰዓት በኋላ ይካሄዳል፣ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ የቁልፍ እስር ወድቆ ተገኝቷል፣ የጠፋበት ሰው ምልክቱን ተናግሮ ይውሰድ። በግራ እጇ ያለው ከሒሳብ ደብተር የተገነጠለ ነው፣ ፊርማ የለው፣ ማኅተም የለው፣ አራት ጊዜ ተሰርዞ አራት ጊዜ ተጽፎ ጠርዙ በላቧ ርሷል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ትናንት ሽቦን በር ላይ አስቁመው፣ ስማኝ አንተ፣ ያልፈረምኩበትን አንዲት ቃል ብታነብ ማጥፊያውን ትጫናለህ፣ ገባህ? ገባኝ ቲቸር። ካልተጫንክ አንተም እሷም ከክበቡ ውጭ፣ ወላጅ ሳታመጡ ክፍል የለም። ገባኝ ቲቸር። ገባኝ ነው ያለው፣ እሺ አላለም፣ ልዩነት አለው ወይስ እሷ ናት ልዩነት የምትፈልግለት፣ እጁ ማጥፊያው አጠገብ ናት፣ አንድ ጋት አትርቅም።

ሁለት ጣት።

ክፍሏ ከደረጃው ሥር ናት፣ ድሮ መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥባት ነበር፣ ባልዲው አሁንም አለ፣ እሷ የምትቀመጠው እሱ ላይ ነው፣ ገልብጣ፣ ከአንዲት ትንሽ መስኮት በቀር ግድግዳው በሙሉ በእንቁላል ካርቶን ተለብጧል፣ ሽቦ ነው ሱቅ ለሱቅ ዞሮ የለመነው፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ፣ ምን ታደርግበታለህ ሲሉት፣ ዶሮ ላረባ ነው ይላል፣ እውነቱን ብነግራቸው አይሰጡኝም። በሩ ላይ ሚኒ ሚዲያ የሚል በነጭ ቀለም ተጽፏል፣ ከሥሩ አንድ ባለጌ ዶሮ ስሎበታል። የክበቡ ሕግ አንድ ነው፣ ክበቡ ከተመሠረተ ጀምሮ፣ ፊርማ ያለበት ወረቀት ይነበባል፣ አይጠየቅም። ይነበባል፣ አይጠየቅም፣ ባለፈው ሐሙስም እንደዚያው ነው የሆነው፣ የክበቡ ጸሐፊ ሮጣ መጥታ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ጣለችላት፣ ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው፣ የትምህርት ቤታችን የደወል ሠራተኛ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። አባባ ደወል። ዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት የሚመቱት፣ የሚዘገይ ተማሪ ሲያዩ በሩን ለመዝጋት ሆን ብለው ጫማቸውን የሚያስሩት፣ እሷን ራሷን ስንት ቀን አስገብተዋታል፣ ግቢ ልጄ፣ ይኼ ክር ዛሬ አልታሰር ብሎኛል።

ሐሙስ ዕለት ወረቀቱን ስታየው ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ቀና ብሎ ነበር፣ ማን አየ? እንዲህ፣ ሁለት ቃል፣ ማን አየ? ከጉሮሮዋ ደርሶ ተመለሰ፣ ሽቦ ጣቱን አንስቶ ነበር፣ ፊርማ ደግሞ አለ፣ አነበበችው። እንዴት አድርጋ አነበበችው፣ እሱን ነው መርሳት ያቃታት፣ ድምፄን እዚህ ጋ ዝቅ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ቆረጥ፣ ሲቃ መጣላት፣ መጣላት ወይስ አመጣችው፣ አመጣችው እንጂ፣ ዓይንሽን በጨው አጥበሽ አትዋሺ፣ ከክፍሉ ስትወጣ ልጃገረዶቹ አቅፈዋት፣ አንቺ፣ አስለቀስሽን እኮ! የስፖርት መምህሩ ሳይቀሩ መነጽራቸውን አውልቀው ነበር፣ እሷም አንገቷን ደፍታ፣ በሆዷ ግን ደስ ብሏት፣ ሰው ሞቶ ደስ ብሏት ዋለች።

አርብ ጠዋት ደወሉ ተደወለ። በሰዓቱ። ግቢው ቀጥ አለ፣ አንዷ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እዚያው ተዘረረች፣ አባባ ደወል ብረታቸውን እንደያዙ፣ ምነው፣ አልሞትኩም፣ እኔ ነኝ እኮ፣ እያሉ በተጠጉ ቁጥር ተማሪው ወደ ኋላ፣ አንዱ ቀልደኛ፣ አባባ፣ ላይኛው ቤት ደወል ሞልቶ ነው የመለሱዎት? ሳቅ፣ ጩኸት፣ ሰውየው ሆስፒታል ወንድማቸውን ሲያስታምሙ ነው የከረሙት፣ በቃ ይኼው ነው፣ ሁሉም ሳቀ፣ ሁሉም ረሳው፣ እሷም ልትስቅ ነበር፣ ከንፈሯ ተከፍቶ ነበር፣ የእረፍት ሰዓት ላይ ያቺ ሴትዮ በሩ ላይ ባትቆም ኖሮ።

አጭር፣ ቀጭን፣ ሽርጧ ላይ የጎመን ቅጠል የተለጠፈባት፣ ከትምህርት ቤቱ ማዶ አትክልት የምትሸጠዋ፣ የአባባ ደወል ሚስት። ቁጣ የላትም፣ ብትቆጣ ይሻል ነበር። አንቺ ነሽ ያነበብሽው? እኔ ነኝ እናቴ። ድምፅሽ ያምራል አሉኝ። ተማሪዎቹ ወደ ቤት ሲሄዱ ናቸው፣ እግዜር ያጽናሽ ያሉኝ፣ ጎመኑን እንደተዘረጋ ትቼ ሮጥኩ፣ ሆስፒታሉ በሁለት አውቶቡስ ነው፣ ሁለት ሰዓት፣ የኔ ልጅ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ መበለት ነበርኩ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጬ ምን እንዳሰብኩ ታውቂያለሽ? ሰኞ ጠዋት ሲወጣ ወጡ ጨው በዝቶበታል ብሎኝ፣ ታዲያ ራስህ አትሠራም ብዬዋለሁ፣ እሱን ነው ያሰብኩት፣ በቃ የመጨረሻው ነገር ጨው ሆነ ብዬ። ከዚያ በኮሪደሩ ስሮጥ የወንድሙን ሰሃን እያጠበ አገኘሁት። መታሁት። እያለቀስኩ መታሁት፣ ነርሶቹ ናቸው ያስለቀቁኝ። ከዚያ ሽርጧን አራግፋ፣ አሁንም ገበያ ስወጣ እንዴት ቻልሽው ይሉኛል፣ ያልሰማ ብዙ ነው፣ በገደልሽበት አፍ አንሺው፣ ሌላ ምንም አልልሽም።

በገደልሽበት አፍ አንሺው።

ምክትሉ ቢሮ ገባች፣ ቲቸር፣ ማስተባበያ ይፈረምልኝ። የምን ማስተባበያ? ሰውየው በእግሩ እየሄደ አይደለም? ከዚህ የበለጠ ምን ማስተባበያ አለ፣ ተሳሳትን ብለሽ አንብበሽ ነገ ማን ያምነናል? ዛሬስ ማን ያምነናል ቲቸር? አፏ ነው ያወጣው፣ እሷ አይደለችም፣ በሩን አሳዩዋት። በሩ ላይ ደግሞ ሽቦ፣ አምፖል ሊቀይር መሰላል ተሸክሞ ቆሟል፣ እውነት አምፖል ሊቀይር ይሁን ወይ ሊሰማ እስከ ዛሬ አልለየላትም፣ እንዲህ አላት፣ ማስተባበያ ብቻ ምን ይሠራል፣ ወሬው ከየት እንደመጣ ካላወቅሽ ነገም ይመጣል።

የሒሳብ ደብተሯን ከኋላ ገለበጠችው፣ እዚያ ላይ ጀመረች። ጸሐፊዋን፣ ማን ነገረሽ? የኳስ ቡድኑ በረኛ። አንተን ማን ነገረህ? የሻይ ቤቷ እትዬ። እትዬ፣ እርስዎስ? ውይ ልጄ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሰውዬ ናቸዋ፣ እኔማ ሁለት ቀን ሻይ አልወረደልኝም። እርስዎስ ጋሼ? ሰውየው መጽሐፍ እያቦነኑ፣ የአሥረኛ ክፍል አለቃዋ ናት፣ ጠመኔ ልታመጣ ቢሮ ገብታ አይታ ነው፣ ታማኝ ልጅ ናት። አይታ! ምን አይታ? ደረጃውን ሁለት ሁለት ወጣች፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ለእናቷ ስትላክ እንኳን እንዲህ ሮጣ አታውቅም፣ እያንዳንዱ ሰው በር ነበር፣ ትጠይቀዋለች፣ ይከፈታል፣ ከኋላው ሌላ በር፣ እግሯ መሬት አይነካም፣ ይኼ ነገር ምንድን ነው፣ ጥፋተኛ ሆና እንዴት ነው እንዲህ የምትደሰት፣ የሐሙሱ ደስታ ግን አይደለም፣ የሐሙሱ ማር ማር ሲል ቆይቶ የሚያንገሸግሽ ነበር፣ ይኼኛው እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ነው።

አለቃዋ ፈራች፣ ቅንድቧን እየነቀለች፣ እኔ ሞተ አላልኩም፣ ማክሰኞ ስማቸው ላይ ቀይ መስመር አየሁ ነው ያልኩት፣ የሠራተኞች መዝገብ ላይ፣ አምና የታሪክ መምህራችን ሲሞቱ እንደዚያ በቀይ ተሰምሮባቸው አይቻለሁ፣ ታዲያ ቀይ ምን ሊሆን ነው? መዝገቡን የሚይዘው ማን ነው? ምክትሉ። ፈቃድ የወጣ ሰው ፈ ነው የሚጻፍለት፣ ቀይ የሚሰመረው ላይመለስ ለሄደ ብቻ ነው። ደብተሯ ላይ ስሞቹን በቀስት በቀስት አገናኝታ ስትጨርስ ቁጭ አለች፣ ቀስቱ ዞሮ ዞሮ የት እንደገባ አየች። መስመሩን ያሰመሩት እሳቸው፣ መስመሩ በአምስት አፍ አልፎ የሐዘን መግለጫ ሆኖ ጠረጴዛቸው ላይ ሲመጣ አምነው የፈረሙት እሳቸው። የገዛ ስህተታቸው ጥቁር ለብሶ መጣ፣ አላወቁትም፣ ከንፈራቸውን መጠው ፈረሙ።

ሮጣ ሽቦን አገኘችው፣ ያዝኳቸው! አለችው፣ እሱ ሽቦ እየላጠ፣ በጥርሱ፣ ቀና እንኳን ሳይል፣ እሳቸውንስ ጠየቅሻቸው? ምን ብዬ? ለምን አሰመሩ ብለሽ ነዋ፣ አምስቱን ጠይቀሽ ስድስተኛውን ልትዘያቸው ነው? ተናደደችበት፣ ልክ ስለሆነ ነው የተናደደችው። ገባች፣ ቲቸር፣ የአባባ ደወል ስም ላይ ቀይ ያሰመሩት ለምንድን ነው? መዝገቡን ገጭ አድርገው ዘጉ። ውጪልኝ። እዚህ ደብተሬ ላይ መልስ አልሰጡም ብዬ ልጻፍ? ውጪ! ጻፈች፣ መልስ አልሰጡም፣ ኮሪደር ላይ ቆማ።

አንድ ጣት። ጠባሳዋ ያለችበት።

አባቷ ቢሰማ፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ሃያ ዓመት አቧራ በልቶ አንድ ሕልም ነው ያለው፣ ልጄ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ መስታወት ኋላ ቆማ፣ እንኳን አቧራ ዝንብ የማይደርስባት፣ ወላጅ አምጪ ተብላ ከመንገድ ቢመለስ ምን ትለዋለች፣ አባዬ፣ ጋዋኑን ተወው፣ እኔ ሰው የሚጠየቅበት ቦታ ነው የምፈልገው፣ እንደሱ ያለ ሥራ አለ ወይ፣ አለ እንጂ፣ ጠዋት ጠዋት አንተው በመኪናህ ሬዲዮ የምትሰማቸው ምን ሊሠሩ ነው የሚነሱት። ቀኝ ወረቀት፣ ግራ ወረቀት። ቀኙን አንብበሽ ውጪ፣ ማንም ምንም አይልሽም፣ ግጥሚያው ነገ ከሰዓት ነው፣ ቁልፉ ተገኝቷል፣ ሴትዮዋ ነገም ጎመኗን ትሸጣለች።

የማይኩ ቀይ መብራት በራች።

ጤና ይስጥልን ተማሪዎች፣ መምህራንና ሠራተኞች። ባለፈው ሐሙስ በዚህ ድምፅ ማጉያ፣ የደወል ሠራተኛችን አርፈዋል ተብሎ የተነበበው ሐሰት ነው። ያነበብኩት እኔ ነኝ። ከማንበቤ በፊት ማን አየ ብዬ አልጠየቅሁም። እጁ፣ የሽቦ እጅ፣ ማጥፊያው ላይ አረፈች፣ አየቻት፣ ቀጥዪ፣ እስኪያጠፋው ቀጥዪ። ከዚያ በኋላ አምስት ሰዎች ጠይቄያለሁ። አራቱ ሲወራ ሰሙ እንጂ አላዩም። አምስተኛዋ ያየችው የሞተ ሰው አይደለም፤ በሠራተኞች መዝገብ፣ በስማቸው ላይ፣ ማክሰኞ ዕለት የተሰመረ ቀይ መስመር ነው። መዝገቡን የሚይዙት ምክትል ርዕሰ መምህሩ ናቸው። ለምን እንደተሰመረ ጠይቄያቸው መልስ አልሰጡኝም። እጁ ተነሳች፣ ከማጥፊያው ተነሳች፣ ጉልበቱ ላይ አደረጋት፣ ሌላኛዋን ደረበባት፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሰው እጆቹን አጣምሮ ተቀመጠ፣ አይ ሽቦ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ባላቸውን ያጡትን እናት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ባላቸው በሕይወት አሉ። ማን አየ ብትሉ፣ እኔ አይቻለሁ። ዛሬ ጠዋት ዘግይቼ ስመጣ ጫማቸውን ሲያስሩ ነበር።

ይኼ ድምፅ ሲቃ የለውም፣ አልተቆረጠም፣ ዝቅም ከፍም አላለም፣ ከየት መጣ፣ የራሷ ነው፣ የራሷ ድምፅ ኖሯል ይኼ።

በሩ ተበርግዶ ተከፈተ፣ ምክትሉ ናቸው፣ ክራባታቸው ትከሻቸው ላይ፣ ላባቸው ግንባራቸው ላይ፣ ወረቀቱን ከእጇ መንጭቀው አነበቡት፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ፊታቸው ቀላ፣ ውሸት ነው! ይኼ ውሸት ነው! የምን ማክሰኞ? ሰኞ ነው ያሰመርኩት፣ ሰኞ ጠዋት!



ከዚያ ከውጭ፣ ከሜዳው፣ ከየደረጃው፣ ከየመስኮቱ፣ ሳቅ ነው ወይስ ጎርፍ ነው የሚመጣው፣ ምክትሉ መጀመሪያ ወደ መስኮቱ፣ ቀጥሎ ወደ ሽቦ፣ በመጨረሻ ወደ ቀዩዋ መብራት አዩ። በርታለች። ሽቦ እጆቹን እንዳጣመረ፣ ቲቸር፣ እሷ ያልተፈረመ ብታነብ አጥፋ አሉኝ እንጂ እርስዎ ሲናገሩ አጥፋ አላሉኝም።

እሷ አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አነሳች፣ ወረቀቱን ከእጃቸው ቀስ አድርጋ ወሰደች፣ ማክሰኞ የሚለውን ሰረዘች፣ ሰኞ ብላ ጻፈች። ማረሚያ አለን። መስመሩ የተሰመረው ሰኞ ጠዋት ነው። ይህን የነገሩን ምክትል ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ናቸው፤ እናመሰግናለን። ከዚያ ማን እንዳዘዛት እንጃ ማይኩን ወደ እሳቸው አዞረችው፣ ቲቸር፣ ለምን እንደሆነ ይንገሩን? በሩን ያያሉ፣ ይሄዳሉ ብላ ጠበቀች፣ አልሄዱም፣ ትልቅ ሰው እንዲህ ሲያንስ አይታ አታውቅም፣ እንዲህ ሲያድግም። ተናድጄ ነው፣ አሉ። ያለ ወረቀት ሄደ ብዬ ነው። ዝም አሉ፣ እሷም ዝም አለች፣ ዝምታው ይሠራል፣ ማንም ሳይነግራት ገባት፣ አትግቢበት፣ ተዪው ይሥራ። ወንድሙ መታመሙን ነግሮኝ ነበር፣ አሉ ቀስ ብለው። አልሰማሁትም።

ይኼ ነው። በቃ ይኼ ነው፣ ሌላ አልፈልግም፣ ጋዋኑንም መስታወቱንም፣ ባልዲ ላይ የተቀመጠች ንግሥት፣ አልሰማሁትም የሚለው ቃል በአራቱም ቀንድ ድምፅ ማጉያ ሜዳው ላይ ሲወርድ ሳቁ እንዴት እንደቆመ፣ እንዴት ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ዝም እንዳለ፣ ሕይወቷን ሙሉ ይህንን ዝምታ ስትፈልግ ትኖራለች፣ በስንት ቢሮ፣ በስንት በር፣ በስንት ሰው ፊት፣ ማን አየ እያለች፣ አለቆቿ እስኪሰለቹ፣ ባሏ እስኪቀልድባት፣ ጨው የት ገባ ስትለው ማን አየ ይላታል፣ ባሏ ማለት ሽቦ፣ ማን ሊሆን ኖሯል፣ ብዙ ዓመት ቆይቶም በሆስፒታል ኮሪደር ላይ አንድ ወጣት ሐኪም አንገቱን ደፍቶ፣ አርፈዋል፣ ሲላት ከአፏ የሚወጣው ያው ነው፣ ማን አየ? ሐኪሙ ግራ ገብቶት ያያታል። ማን ሊያይ፣ ራሷ ናት ያየችው፣ እጁን ይዛ፣ ያቺን የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ በአውራ ጣቷ እየደባበሰች። የተናገራት የመጨረሻው ነገር ስለ አምፖል ነበር፣ የመታጠቢያ ቤቱን አምፖል ሳልቀይረው። ማስተባበያ የለውም፣ ጠይቃለች፣ ከየትም አቅጣጫ ጠይቃለች። ግን እሱ ገና ነው፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ገና ማንም አልሞተም፣ እሱ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ሸሚዙ በክርኑ ተቀዷል፣ እያያት ነው፣ በመስኮቱ፣ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ያቺ ሴትዮ ከጎመኗ ተነስታ ቆማለች፣ ሽርጧን ዓይኗ ላይ አድርጋለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ከዚህ አይለይም፣ ሄዳ ትጠይቃታለች።

የእረፍት ሰዓት ካለቀ ቆይቷል፣ ደወሉ የት ገባ፣ አባባ ደወል አንድም ቀን ዘግይተው አያውቁም፣ ዛፉ ሥር ብረታቸውን ይዘው ወደ ድምፅ ማጉያው አንጋጠው ቀርተዋል፣ ዕድሜ ልኩን ሲያሰማ የኖረ ሰው ዛሬ ሰሚ ሆኖ። አሁን ገና ትዝ አላቸው። መቱት። ጓ። እንዴት አድርገው መቱት፣ ጓ፣ ጓ፣ ሦስት ነው ልማዱ፣ አራት፣ አምስት፣ የእንቁላሉ ካርቶን እንኳን ሊውጠው አልቻለም፣ ባልዲው ከሥሯ ይነዝራል፣ ምክትሉ ሳይቀሩ ፈገግ አሉ፣ አሉ እንዴ፣ አዎ አሉ፣ አይታለች።

ሽቦ ማይኩን አጥፍቶ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። ቁልፎቹን አላነበብሽም።

ምን?

የጠፉትን ቁልፎች ነዋ፣ ሰው በር ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል።

ቀኙን ወረቀት ከወለሉ አነሳችው፣ ሳቋ አላስጨርስ ብሏታል፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ እሱም እጁን ከጉልበቱ አነሳ፣ ሦስት ጣት፣ ሁለት፣ ጠባሳዋ ያለችበት አንድ፣